ማርጆሪ ዋረን፤ አረጋውያን በሽተኞችን ከአልጋ ያስነሡት ሐኪም

ዘመኑ 1935 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከለንደን በስተምዕራብ፣ አይዝልወርዝ በሚባለው ሥፍራ የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ አጠገቡ የነበረውን የድሆች መጠለያ ከነሕንፃውና ከነአልጋው ተረከበ። ከሕንፃው ጋር አብረው የመጡት በሽተኞች 714 ነበሩ። ከነዚህም የሚበዙት በዕድሜ የገፉ፣ ከአልጋ ከወረዱ ወራትና ዓመታት ያለፏቸው፣ የመዳን ተስፋ የላቸውም ተብለው የተተዉ ሰዎች ናቸው። ሆስፒታሉ ይህን ሁሉ ሰው እንዲመለከቱ የመደባቸው አንዲት የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ሐኪም ሲሆኑ፣ ስማቸው ዶክተር ማርጆሪ ዋረን ይባላል።

ሥራው ማንም ሐኪም ተሽቀዳድሞ የሚይዘው ዓይነት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአንድ ሐኪም ስም የሚጠራው ድንገተኛና ብርቱ በሽታን ታግሎ በማሸነፍ እንጂ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በመጠበቅ አይደለም። ዶክተር ማርጆሪ ራሳቸውም ቢሆኑ እጃቸውን ያፍታቱት በቀዶ ሕክምና ነው። ነገር ግን ዛሬ አንድ አረጋዊ በሽተኛ ሆስፒታል ሲገባ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ለይቶ የማወቅ ሥራ ከየት ተነሣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መንገዱ ወደ እነዚያ የአይዝልወርዝ ክፍሎች ይመልሳል።

ማርጆሪ ዊንሰም ዋረን የተወለዱት ኦክቶበር 28 ቀን 1897 በለንደን ነው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ማርጆሪም ከአምስት ሴቶች ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው። ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አንዲት ልጅ ሐኪም እሆናለሁ ብትል የሚከፈትላት በር ጠባብ ነበር። ይህን በር ካሰፉት ተቋሞች አንዱ በ1874 የተመሠረተውና ከሮያል ፍሪ ሆስፒታል ጋር ተባብሮ ይሠራ የነበረው የለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ማርጆሪም ሙያቸውን በዚሁ ተምረው በ1923 ሐኪም ሆኑ። ጥቂት ዓመታት በሌሎች ሆስፒታሎች ከሠሩ በኋላ በ1926 ወደ አይዝልወርዝ መጡ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሥራቸው ከዚያው አልተለየም።

የ1935ቱ ርክክብ ምን እንደነበረ ለመረዳት የድሆችን ሕግ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1834 በወጣው ሕግ መሠረት በእንግሊዝ አገር ራሱን ማስተዳደር ያቃተው ድሀ የሚጠጋበት ቤት ተሠራለት፤ ይሁን እንጂ ሰው እንዳይለምደው ሲባል የቤቱ ኑሮ ሆን ተብሎ ከደሀው የቀን ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ወጣቱና ጤነኛው ሥራ እንዳገኘ ይወጣል። ሽማግሌውና በሽተኛው ግን መውጫ የለውም። በዚህም ምክንያት እነዚያ ቤቶች በዘመን ብዛት የአረጋውያንና የበሽተኞች ማከማቻ ሆኑ። በሌላ በኩል በምጽዋት የሚተዳደሩት ታላላቅ ሆስፒታሎች አልጋቸውን የሚሰጡት ቶሎ ታክሞ ለሚወጣ በሽተኛ ነበር። ሥር የሰደደ በሽታ ያለበትን አረጋዊ ይመልሱታል፤ የተመለሰውም የሚገባው ወደ ድሆች መጠለያ ነው። በ1929 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መጠለያዎቹን ከ1930 ጀምሮ ለየአውራጃው ምክር ቤት ሲያስተላልፍ፣ ይህ ሁሉ የተከማቸ ሕዝብ በአንድ ጊዜ በሐኪሞች ፊት ቀረበ። ብዙዎቹ ሐኪሞች አይተው አለፉ።

ዶክተር ማርጆሪ በክፍሎቹ ያዩትን በኋላ በሙያ መጽሔቶች ላይ በዝርዝር ጽፈውታል። አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፤ ግድግዳው ጨልሟል፤ ነርሶቹ ጥቂቶች ናቸው። ልጅ የወደቀችበት አሮጊት፣ ግማሽ አካሏ ሽባ የሆነባት፣ አእምሮዋ የተዛባባት፣ የልብ ሕመም ያለባትና ምንም የከፋ በሽታ የሌላት ሁሉ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ብዙዎቹ ሲገቡ በወጉ አልተመረመሩም፤ በሽታቸው በስሙ አልተጠራም። የሁሉም ስም አንድ ነው፤ ሥር የሰደደ በሽተኛ ይባላሉ። ይህም ስም በጊዜው የሕክምና ቃል ይምሰል እንጂ ሥራው እንደ ፍርድ ነበር፤ ስሙ የተሰጠው ሰው ዳግመኛ አይመረመርም፣ ከአልጋም እንዲነሣ አይጠየቅም።

አልጋ ላይ የተተወ አረጋዊ ምን እንደሚሆን የገለጹበት መንገድ ዛሬም ላነበበው ያሳስባል። አስቀድሞ የሚጠፋው ተስፋ ነው፤ ተስፋው የጠፋ ሰው ለራሱ ያለው ክብር ይቀንሳል፤ ለምንም ነገር ደንታ አይኖረውም ወይም በጥቂቱ የሚቆጣ ይሆናል። ሰውነቱ ደግሞ በበኩሉ ይከተላል። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጉልበቱና ዳሌው ታጥፎ ይደርቃል፣ እግሩ ይዘቀዝቃል፣ ጀርባው ይቈስላል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። መጨረሻ ላይ የሚታየው ሰው በእርግጥም ተስፋ የሌለው ይመስላል። ዶክተር ማርጆሪ የተረዱት ቁም ነገር ይህ መልክ የእርጅና ሥራ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ከፍ ያለው ድርሻ የአልጋው ነበር። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን በፈቃዳቸው ዐሥር ቀን አስተኝቶ ሲለካ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፍቶ አገኘው። እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ የተኙትም ዐሥር ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራቸው መድኃኒት ማዘዝ አልነበረም። እያንዳንዱን በሽተኛ ዛሬ እንደገባ ቈጥረው ከራሱ እስከ እግሩ መመርመር ጀመሩ። በሽታው ምንድን ነው? ከበሽታው የሚድነው የትኛው ነው? ከመታመሙ በፊት ምን ይሠራ ነበር? አሁንስ ምን ይቻለዋል? ቤት አለው ወይ፣ ቤቱስ ማን አለ? የሚሉትን ጥያቄዎች ለሁሉም አቀረቡ። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለሰባት መቶ ሰው፣ ያውም ማንም ባላዘዘበትና ውጤቱን ማንም ባልጠበቀበት ጊዜ ማድረግ ግን ተራ አልነበረም።

ከምርመራው በኋላ በሽተኞቹን በአምስት ወገን ከፈሏቸው። ተነሥተው መቀመጥና መንቀሳቀስ የሚችሉት አንድ ወገን ሆኑ። አልጋ ላይ ቢውሉም ሽንታቸውን የሚቆጣጠሩት ሁለተኛው፣ መቆጣጠር የተሳናቸው ሦስተኛው ሆኑ። አራተኛው ወገን በእርጅና አእምሯቸው ደብዘዝ ያለ፣ ይሁን እንጂ ሌላውን የማያውኩ ሰዎች ናቸው፤ አምስተኛው ደግሞ ሕመማቸው ስለበረታ ለብቻቸው ክፍል የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የአከፋፈሉን ጥበብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መለኪያው ዕድሜ አይደለም፤ የበሽታው ስምም አይደለም። የተለካው ሰውየው በዕለት ኑሮው የሚችለውና የማይችለው ነገር ነው። አንድ ወገን ውስጥ የገባም በዚያው ታትሞ አይቀርም፤ እንደ አቅሙ መሻሻል ወደ ተሻለው ክፍል ይዛወራል። የክፍፍሉ ዓላማ ማን ይተው ለማለት ሳይሆን ለማን ምን ይደረግ ለማለት ነበር።

ዛሬ በአረጋውያን ሕክምና የአቅም መመናመን የሚባለው ነገር ከዚህ አይርቅም። እኩል ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ የሳንባ ምች ቢያዙ፣ አንደኛው በሳምንት ድኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላኛው ተኝቶ ይቀራል። ልዩነቱ እንደ ጎተራ ነው። ጎተራው የሞላ ቤት አንድ ክፉ ክረምት አያናጋውም፤ የጎደለበት ግን ጥቂት ችግር ሲጨመርበት ይፈርሳል። ችግሩ ጎተራው የጎደለ ሰው በደኅናው ቀን ሲታይ ደኅና መምሰሉ ነው። ይህን የጎደለ አቅም አስቀድሞ ለማየት ሊቃውንት ልዩ ልዩ መለኪያዎችን አውጥተዋል። በ2001 በአሜሪካ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው ያወጡት አምስት ምልክቶችን ይመለከታል፤ ሳይፈልጉት ክብደት መቀነስ፣ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ አካሄድ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው አቅሙ እንደተመናመነ ይቈጠራል፤ አንድ ወይም ሁለት ያለበት ደግሞ በዳር ላይ ነው። በ2005 በካናዳ ኬኔት ሮክዉድና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት መለኪያ ከዚህ የቀለለ ነው። መጀመሪያ ሰባት፣ በኋላም ዘጠኝ ደረጃ ያለው ሲሆን፣ ከብርቱው ጤነኛ ጀምሮ ሊሞት እስከ ተቃረበው ድረስ ይዘልቃል፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በሽተኛው በራሱ ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚረዳ ጠይቀው ደረጃውን ይወስናሉ።

በዚህ መለኪያ አጠቃቀም ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ደንብ አለ። ደረጃው የሚሰጠው በሽተኛው ዛሬ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ ተመልክቶ አይደለም፤ ከሕመሙ በፊት፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ፣ እንዴት ይኖር እንደነበረ ተጠይቆ ነው። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በእግሯ ገበያ ደርሳ የምትመለስ አሮጊት ዛሬ ትኵሳት ይዟት፣ አእምሮዋ ተዛብቶ፣ ማን እንደሆነች እንኳ መናገር አቅቷት ብትመጣ፣ ያየ ሁሉ ያለቀላት ይመስለዋል። ያለቀላት ግን አይደለችም፤ የታመመች ናት። ይህን የሚነግረን መሣሪያ ሳይሆን አብሯት የመጣ ሰው ነው። በእኛ ሆስፒታሎች በየአልጋው አጠገብ የሚቀመጠው አስታማሚ፣ መንገድ ዘጋ ተብሎ ከክፍል የሚባረረው ያው ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ አለው።

መለኪያው ግን ተመልሶ እንደዚያ እንደ ድሮው ስም ፍርድ ሊሆን እንደሚችል በቅርቡ ታይቷል። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ብሪታንያን ሲያጥለቀልቅ፣ ናይስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማን ይግባ የሚለውን ሲወሰን ይህ የአቅም መለኪያ ከግምት እንዲገባ መከረ። መለኪያው ለአረጋውያን የተሠራ ነው፤ መመሪያው ግን በመጀመሪያ ጽሑፉ ይህን ወሰን አላስቀመጠም ነበር። በተፈጥሮ የአካል ጉዳት ያለበት ወጣት፣ ልብስ ሲለብስ ስለሚረዳ ብቻ፣ አቅሙ እንደተሟጠጠ ሽማግሌ ሊቈጠር ሆነ። ወላጆችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጮኹ፤ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን መመሪያው ታርሞ፣ መለኪያው ከስድሳ አምስት ዓመት በታች ለሆኑና ለረጅም ጊዜ የቈየ፣ የማይባባስ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች እንዳይሠራበት ተደነገገ። እርማቱ ፈጥኖ መምጣቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ዶክተር ማርጆሪ ለበሽተኛው በር እንዲከፍት የጀመሩት ምርመራ፣ በሩን ለመዝጋት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያገለግል ያ አንድ ሳምንት አሳይቷል።

ወደ አይዝልወርዝ እንመለስ። በሽተኛው ተመርምሮና ተለይቶ ሲያበቃ የሚከተለው ሥራ ከሌለ ምርመራው መዝገብ ከማጣበብ በስተቀር ጥቅም እንደሌለው ዶክተር ማርጆሪ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ክፍሎቹን ከሥር ጀምረው ለወጡ። ግድግዳው ነጣ ባለ ቀለም ተቀባ፤ መብራቱ ተሻሻለ፤ መጋረጃውና የአልጋ ልብሱ ደመቅ ያለ ሆነ። በሽተኛ የሚይዘው የግድግዳ ድጋፍ ተተከለ፤ የሚደገፉባቸው ምቹ ወንበሮች መጡ፤ ሰው ከአልጋው ወርዶ የሚቀመጥበትና የሚበላበት ቦታ ተዘጋጀ። እንዲህ ያለውን ነገር የቤት ማስዋብ አድርጎ የቈጠረ ባልደረባ ቢኖር አይገርምም። ነገር ግን የሚነሣበት ምክንያትና የሚቀመጥበት ወንበር የሌለውን ሰው ተነሥ ማለት ከንቱ ነው።

ከዚህም ጋር የሥራው ባልደረቦች ተለወጡ። እስከዚያ ድረስ አረጋዊ በሽተኛ የሐኪምና የነርስ ብቻ ነበር፤ የሐኪሙም ድርሻ ከስም ያለፈ አይደለም። ዶክተር ማርጆሪ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን፣ የዕለት ሥራን የሚያለማምደውን ባለሙያና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውን በአንድነት አሰባሰቡ። ግማሽ አካሉ ሽባ የሆነበትን በሽተኛ መጀመሪያ አልጋው ላይ እንዲገላበጥ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ እንዲቀመጥ፣ ከዚያ እንዲቆም፣ በመጨረሻም በምርኩዝ እንዲራመድ ደረጃ በደረጃ ያለማምዱታል። እግራቸው ለተቈረጠ አረጋውያንም ሰው ሠራሽ እግር እንዲሠራላቸውና መራመድ እንዲማሩ ያደርጉ ነበር። ተገቢው ጫማ እንኳ ቸል የሚባል ነገር አልነበረም፤ በተንሸራታች ነጠላ ጫማ መራመድ የሚማር ሰው የለምና። በሽተኛው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብም ቤተ ሰቡ ተጠርቶ እንዴት እንደሚረዳው ይነገረዋል፤ መርዳት ማለት በእርሱ ፈንታ ሁሉን መሥራት እንዳልሆነም ጭምር።

ውጤቱ በአልጋ ቍጥር ተገለጠ። ዓመታት ተኝተው የኖሩ ሰዎች ተነሡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሄዱ። ለሥር ሰደድ በሽተኞች ያስፈልጉ የነበሩት 714 አልጋዎች እያደር ወደ 240 ወረዱ፤ በቀሩት አልጋዎች ላይ የሚገባና የሚወጣው በሽተኛ ግን ከቀድሞው እጅግ በዛ። የተረፉት አልጋዎች ለሳንባ ሐኪሞች ተሰጡ፤ ያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች አልጋ አጥተው ይንገላቱ ነበርና። የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችን ልብ ከማናቸውም ክርክር በላይ የማረከው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር በቅንነት መታየት አለበት። አልጋ መለቀቁ ብቻውን የበሽተኛውን ደኅንነት አያስረዳም፤ ዶክተር ማርጆሪም ሥራቸውን ካልተደረገለት ወገን ጋር በዕጣ አወዳድረው አልፈተኑትም፤ እንዲህ ያለው ፈተና በዘመኑ ገና አልተለመደም ነበር። ማስረጃው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1984 ሎረንስ ሩበንስታይንና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አረጋውያን በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን በሚገባ መርምሮ በሚረዳ ልዩ ክፍል፣ ሌላውን በተለመደው ክፍል አሳከሙ። በዓመቱ ከልዩው ክፍል የሞቱት በተለመደው ከሞቱት በግማሽ ያህል ያነሱ ሆነው ተገኙ። በ2017 ደግሞ ከዘጠኝ አገሮች የተሰበሰቡ 29 ጥናቶች፣ ከ13 ሺህ በላይ በሽተኞችን የያዙ፣ በአንድነት ሲመረመሩ፣ ሆስፒታል ገብተው በዚህ ዓይነት የታዩ አረጋውያን ከወራት በኋላ በሕይወትና በገዛ ቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ታወቀ። ጥቅሙ በሞት ላይ እንደ መጀመሪያው ጥናት የጎላ ባይሆንም፣ ወደ ቤት በመመለስ ረገድ ግን የአይዝልወርዙ ሥራ ትክክል እንደነበረ አረጋግጧል።

ዶክተር ማርጆሪ ያዩትንና የሠሩትን በ1943 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል፣ በ1946 በላንሴት መጽሔት አወጡ። ክርክራቸው ሁለት ነገር የያዘ ነበር። የመጀመሪያው የአረጋውያን ሕክምና እንደ ሕፃናት ሕክምና ሁሉ ራሱን የቻለ ሙያ መሆን አለበት የሚል ነው። ሙያው ጀሪያትሪክስ የሚለውን ስሙን ያገኘው በ1909 ከኒው ዮርኩ ሐኪም ከኢግናዝ ናሸር ቢሆንም፣ ስም እንጂ ክፍልም አልጋም አልነበረውም። ሁለተኛው ደግሞ ለእነዚህ በሽተኞች የሚሠራው ክፍል ከከተማ ራቅ ብሎ ለብቻው የሚቆም ሳይሆን በጠቅላላ ሆስፒታሉ ቅጥር ውስጥ መሆን አለበት የሚል ነው። በዚያ ከሆነ ራጁና ላቦራቶሪው ይቀርባል፤ ተማሪዎችና ነርሶች በሽታውን ያዩታል፤ ምርምርም ይደረግበታል። ካልሆነ ግን የድሆች መጠለያው ስሙን ቀይሮ ይቀጥላል።

ጦርነቱ በአንድ በኩል ሥራውን አስቸገረ፣ በሌላ በኩል አገዘው። በ1939 ለጦር ቍስለኞች ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው አረጋውያን በብዛት ከየሆስፒታሉ ተሰደዱ። ይህ ታላቅ በደል ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ሆስፒታሎችን እንዲመረምሩ የተላኩ ሐኪሞች ቀድሞ እግራቸው ደርሶበት የማያውቀውን የአረጋውያን ክፍል ስላዩ፣ ዶክተር ማርጆሪ የሚጽፉት ነገር እውነት መሆኑን የሚመሰክሩ ሰዎች በዙ። በኤሴክስ ላዮኔል ኮሲን ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋውያንን ቀዶ አክመው ያራምዱ ጀመር፤ በዎልቨርሃምፕተን ጆሴፍ ሼልደን በየቤቱ የሚኖሩ አረጋውያንን አጥንተው በ1948 ሥራቸውን አሳተሙ። የጤና ሚኒስቴሩ ባለሥልጣንና ሐኪም ሎርድ አሙልሪም የአይዝልወርዙን አሠራር ተቀብለው በመንግሥት ዘንድ ጠበቃው ሆኑ።

በ1947 ትሬቨር ሃውል ባደረጉት ጥሪ ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠራ የሐኪሞች ማኅበር አቋቋሙ። ዶክተር ማርጆሪ ከመሥራቾቹ አንዷ ሲሆኑ፣ ሎርድ አሙልሪ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዓመቱ፣ ጁላይ 5 ቀን 1948፣ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራውን ጀመረ፤ የአረጋውያን ሐኪሞችም በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች በሙሉ የሙያ ማዕረግ ይሾሙ ጀመር። ይህም ቢሆን ለብዙ ዓመታት የተሰጧቸው ሕንፃዎች ያረጁት የድሆች መጠለያዎች ነበሩ። አረጋውያን በዕድሜያቸው ተለይተው ይታከሙ ወይስ ከሌላው በሽተኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚለው ክርክርም ከዶክተር ማርጆሪ በኋላ ብዙ ዘመን ቀጥሏል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አይዝልወርዝ የመማሪያ ሥፍራ ሆነ። ከአገር ውስጥም ከውጭም የመጡ ሐኪሞች ክፍሎቹን እየተዘዋወሩ ያዩ ነበር፤ ዶክተር ማርጆሪም በበኩላቸው ወደ ሌሎች አገሮች እየሄዱ በአረጋውያን ሕክምናና ተሐድሶ ላይ ንግግር ያደርጉ ነበር። በ1959 ያቋቋሙት ማኅበር የብሪታንያ የጀሪያትሪክስ ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ፤ ማኅበሩ ዛሬም በዚሁ ስም ይሠራል።

በሴፕቴምበር 1960 በጀርመን ወደሚደረግ የሙያ ጉባኤ በመኪና ሲጓዙ በፈረንሳይ አገር የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ ሕይወታቸውም በዚያው አለፈ። ስድሳ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ሳምንታት ይቀሯቸው ነበር፤ ከዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሥራቸውም ገና አልተሰናበቱም ነበር።